ድመት ጓሯችሁን እንዳትጭር ስትሉ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ጎንደር ላይ ጓሮ ያለው ሰው ያውቀዋል። ካሮትና ቆስጣ ይዘራል፣ አፈሩን አድቅቆ ይተኛል። ጠዋት ሲነሳ መደቡ ተጭሯል፣ ዘሩ ተበታትኗል፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ስሙን የማልጠራው ነገር ተቀብሯል።

ዋናው ስህተት እዚሁ ላይ ነው፤ አዲስ መደብን ራቁቱን መተው። ድመት የምትፈልገው ጭራ የምትጸዳዳበት ደረቅና የላላ አፈር ነው፣ እናንተ ደግሞ አለስልሳችሁ አዘጋጃችሁላት። የዶሮ ሽቦ መደቡ ላይ አጋድሙበት፤ ቡቃያው በቀዳዳው ይወጣል፣ እሷ ግን መጫር አትችልም። ሽቦው ከተወደደባችሁ የአጋም ወይም የቀጋ እሾህ ጣል ጣል አድርጉበት፣ ካልሆነም ቀጫጭን እንጨት በየስንዝሩ ትከሉ፤ ዞራ የምትቀመጥበት ስታጣ ትሄዳለች። ጭድ ግን አታልብሱት፣ መኝታ ማንጠፍ ነው። ማታ ማታ ማርጠብም ይረዳል። (ውሃ ከመጣ ማለቴ ነው።)

ሚጥሚጣ የሚነሰንስ አለ። ድመት እግሯን ስለምትልስ አፏን ያቃጥላታል፣ ዓይኗንም ስታሽ ይገባባታል፤ ግፍ ነው። አንድ የሐምሌ ዝናብ ደግሞ ጠርጎት ይሄዳል። ናፍታሌን የባሰ ነው፤ ለድመትም ለልጅም መርዝ ነው፣ የምትበሉት በሚበቅልበት አፈር ላይ ምን ይሠራል?

የአይጥ መርዝ በሥጋ ለውሰው የሚያስቀምጡም አሉ። ኧረ ተዉ! ድመቷ ስትሞት ጉርብትናውም አብሮ ይሞታል፣ አይጡ ደግሞ ይፈነጫል።

የተጸዳዳችበትን አፈር መልሶ እዚያው መድፈንም አይሆንም፤ ሽታው ይጠራታል። በጓንት ወይም በፌስታል ከነአፈሩ አንስታችሁ ጣሉት፣ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትከቱት። ቀልድ አይደለም፤ በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፍ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ አለ፣ ፅንስ ይጎዳል። እርጉዝ ሴት ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትተው፤ ሰላጣውም በጥሬው ስለሚበላ ደህና አድርጋችሁ እጠቡት።

የሥጋና የዓሣ ትርፍራፊ ጓሮ መቅበርም ይቅር፤ የሰፈሩን ድመት ሁሉ መጥራት ነው።

የመጨረሻው ከጎረቤት ጋር መጣላት ነው። «እትየ፣ ድመትዎ አስቸገረችኝ» ብላችሁ በቡና ሰዓት ብታነሱት ይበቃል፤ እሳቸውስ አስረው አያኖሯት! ይልቅ ከአጥሩ ጥግ ደረቅ አሸዋ አፍስሱላት። ከጣሪያ ክዳን ሥር ይሁን፤ አሸዋው ከረሰረሰ ዞራም አታየውም፣ ተመልሳ ካሮታችሁ ላይ ናት።