የእንግሊዞች ስላንግ ሲያምታታችሁ በሂንዲ ሞክሩት

የእንግሊዝ ኮሜዲ ስታዩ «ዴኮ»፣ «ፓካ»፣ «ብላይቲ» የሚሉ ቃላት ግራ ካጋቧችሁ ጮክ ብላችሁ በሏቸውና ከሂንዲ ወይም ከኡርዱ ጋር አስተያዩዋቸው። ዱባይ ወይም ሪያድ የሠራችሁማ ግማሹን ታውቁታላችሁ። ህንዱ ወይም ፓኪስታኒው ባልደረባችሁ «ዴኾ!» ሲል «እይ!» ማለቱ ነው። እንግሊዙም «ሃቭ ኤ ዴኮ» ካለ «እስቲ አየት አድርገው» እያለ ነው። «ፓካ» በሂንዲ የበሰለ፣ የጠነከረ ነው፤ እንግሊዞቹ ጋ «ትክክለኛው፣ አንደኛ» ሆኗል። «ብላይቲ» ደግሞ ከ«ቢላያቲ» የመጣ ነው፤ የባሕር ማዶ ማለት ነው። ሕንድ ለነበሩት የእንግሊዝ ወታደሮች ባሕር ማዶ አገራቸው እንግሊዝ ስለነበረች ስሟ ሆኖ ቀረ።

ዘዴው የሚሠራው እንግሊዞች ሕንድን እስከ 1947 እ.ኤ.አ. ሲገዙ ወታደሮቻቸው ቃላቱን ከሰፈርና ከገበያ በጆሯቸው ስለለቀሙ ነው። እንደ «እይ!» ያለውን ትእዛዝ ሳይቀር እንዳለ ወሰዱት። የኛው ሻምፖ ራሱ «ቻምፖ» ነው፣ «እሸው፣ ጫን ጫን አድርገው» እንደማለት። መጀመሪያ ማሳጅ ነበር፤ ፀጉር ላይ የወጣው በኋላ ነው።

ብቻ ለመረዳት እንጂ ለመናገር አትጠቀሙበት። «ዴኮ» ያረጀ የእንግሊዞች ቃል ነው። አሜሪካ ውስጥ ብትሉት ዝም ብለው ያዩዋችኋል።