የዘይት መለያ ጣሳ ራሳችሁ ሠርታችሁ ከመግጠማችሁ በፊት

የዘይት መለያ ጣሳ ከሞተሩ መተንፈሻ ከጋዝ ጋር የሚወጣውን የዘይት ጭጋግ ወደ አየር መግቢያው ሳይደርስ የሚይዝ እቃ ነው። ራሳቸው ሠርተው የሚገጥሙት ከሚሳሳቱት ሁሉ የሚከፋው ሞተሩን ማፈን ነው። ጣሳውን በእቃ ማጠቢያ ሽቦ ጠቅጥቆ፣ በላዩ ስፖንጅ ጨምሮ፣ ቀጭን ቱቦ ሰክቶ «አሁን ዘይት አያልፍም» የሚለኝ ልጅ በዝቷል። ልክ ነው፣ ዘይት አያልፍም። ጋዙም አያልፍም! ነዳጅ ሲነድ ከሚፈጠረው ጋዝ የተወሰነው በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) በኩል አምልጦ ወደ ኮፓው (ከታች ወዳለው የዘይት ቋት) ይወርዳል፤ አዲስ ሞተር ላይም ይህ አይቀርም። መውጫ ሲያጣ እዚያው ይጠራቀምና ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይገፋል። አንዳንዱ ላይ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ከቦታው ያስነሳዋል፣ አንዳንዱ ላይ በቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን በኩል ዘይት ማላብ ይጀምራል፣ ሲብስ የክራንኩን የኋላ ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃ ጎማ) ገፍቶ ያወጣዋል።

ከወልድያ የመጣ አንድ ሚኒባስ ነበር። ሹፌሩ ፍሪሲዮን ይንሸራተትብኛል ብሎ ነው የመጣው። ካምቢዮው ሲወርድ ዲስኩ በዘይት ርሷል፣ ኦይል ሲሉ ከመቀመጫው ወጥቷል። ስለ ጣሳው አንድም ቃል አልነገረንም፤ ከባትሪው ጀርባ በሽቦ ታስሮ አገኘሁት። ስከፍተው ውስጡ ከጥቁር ቅባት ጋር ተጋግሮ እፍ ብትሉበት እንኳ ትንፋሽ አያሳልፍም። ለጣሳው ያወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ካምቢዮ ማውረድ፣ ዲስክ መቀየርና ያለ ሥራ መቆም ግን ቤተሰብ ይጎዳል። እባካችሁ ይህን አትሞክሩ። የጣሳው መግቢያና መውጫ የውስጥ ስፋት መኪናው ይዞት ከመጣው ቱቦ በምንም መንገድ መጥበብ የለበትም። ሽቦ ካስገባችሁ የማይዝገውን፣ እሱንም ከላይ ባለው ክፍል ብቻ፣ ላላ አድርጋችሁ። ተራው የብረት ሱፍ ይዝጋል፣ ይበጣጠሳል፣ ብናኙም ተስቦ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ስፖንጅ ጭራሽ አይታሰብም።

ቤንዚን መኪና ከሆነ ከመግጠማችሁ በፊትም ከገጠማችሁ በኋላም ይህን አድርጉ፦ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና ጫፉን በእጃችሁ እንደያዛችሁ ፌስታል ጣል አድርጉበት። ፌስታሉ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። ከመግጠማችሁ በፊት ይሳብ የነበረው ከገጠማችሁ በኋላ ወደ ላይ ከተነፋ ጣሳችሁ አፍኖታል፤ በዚያው ሰዓት አውጡት።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት የሚያውቅ ሰው ቀጣዩ ስህተት ቶሎ ይገባዋል። ብዙዎቹ ቤንዚን ሞተሮች ሁለት መተንፈሻ አላቸው። አንዱ በፒሲቪ ቫልቭ (የሚወጣውን ጋዝ መጠን በሚቆጣጠረው) በኩል ወደ ማኒፎልድ፣ አየር ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ቧንቧ፣ ይሄዳል። ሌላው ከቫልቭ ክዳኑ ተነስቶ ከአየር ማጣሪያው በኋላ ያለው ትልቅ ጎማ ላይ ይገባል። ከደሴ፣ ከ2,500 ሜትር አካባቢ፣ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ስትወርዱ እግራችሁ ከነዳጁ ላይ ተነስቷል። ትሮትሉ (የአየር መግቢያው በር) ተዘግቷል፣ ማኒፎልዱ በኃይል ይስባል፣ ዘይቱ የሚሄደው በፒሲቪው ነው። ስትመለሱ፣ ሰውና እቃ ጭናችሁ ሐረጎን ስትወጡ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ትሮትሉ ተከፍቷል፣ የማኒፎልዱ ስበት ወርዷል፣ በፋሻው የሚያመልጠው ጋዝ ግን ጨምሯል። ፒሲቪው ብቻውን ስለማይችለው ትርፉ በሁለተኛው ቱቦ ወደ አየር መግቢያው ይመለሳል። ጣሳውን ፒሲቪው ላይ ብቻ ገጥሞ «የአየር ጎማዬ አሁንም ዘይት አለው፣ አልሠራም» የሚለኝ ሰው ጣሳው አላጠፋም፤ ዘይቱ የመጣው በሌላኛው በር ነው። ሁለቱንም ቱቦ አንድ ጣሳ ላይ ማገናኘትም መፍትሔ አይደለም። ማኒፎልዱ ቅርቡን አየር ከጣሳው ይስብና በሞተሩ ውስጥ ማለፍ የነበረበት ንጹሕ አየር ሳያልፍ ይቀራል። ሁለቱንም መያዝ ከፈለጋችሁ ለየብቻቸው ጣሳ ሥሩላቸው።

ፒሲቪ ቫልቩን «ጣሳ አለኝ» ብሎ አውጥቶ መጣል ስህተት ነው። ቫልቩ ሞተሩ ላይ ይቆይ፣ ጣሳው ከእሱ በኋላ ይግባ።

የፒሲቪውን ጣሳ ክፍት መተው ወይም አናቱ ላይ ትንሽ ማጣሪያ መስካትም ያስቸግራል። ያልተለካ አየር በማኒፎልዱ ይገባል፣ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል፣ የቼክ መብራቱ ይበራል። ፒስታ መንገድ ላይ ደግሞ አቧራው ይጨመራል።

የሃይላንድ ፕላስቲክ ለዚህ አይሆንም። ይለሰልሳል፣ በስበት ይጨማደዳል፣ ትኩስ ነገር ከነካ ሊቀጣጠልም ይችላል። የውሃ ጎማም እንደዚሁ፤ የራዲያተር ጎማ እንኳ ዘይት ሲነካው ያብጣል። ለነዳጅ ወይም ለዘይት የተሠራ ወፍራም ጎማ ግዙና ሁለቱንም ጫፍ በፋሼታ እሰሩት።

ጣሳው ውስጥ መግቢያው ወደ ታች ወረድ ይበል፣ መውጫው ከላይ ይሁን፣ በመካከላቸው ጋዙን የሚያጋጭ ቆርቆሮ ይኑር። ሁለቱ አፎች ፊት ለፊት ከተያዩ ዘይቱ ጣሳውን ሳያይ ያልፋል። የመግቢያው ጫፍ ግን ከታች በሚጠራቀመው ፈሳሽ ውስጥ እንዳይጠልቅ ተጠንቀቁ።

ናፍጣ መኪና ያላችሁ ይህችን በደንብ አንብቡ። ጣሳው ሞልቶ ዘይቱ በአንድ ጊዜ ወደ አየር መግቢያው ከተሳበ ሞተሩ የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ ያቃጥላል። ያኔ ቁልፍ ብታጠፉም አይቆምም፣ እየጮኸ ዙሩ ይጨምራል። የሚያቆመው አየር መከልከል ነው፤ የአየር መግቢያውን በጣውላ መድፈን፣ በእጅ ግን በፍጹም። ማንዋል ከሆነና መኪናው ቆሞ ከሆነ ፍሬን ረግጦ በቁጥር ትልቁን ማርሽ በማስገባት ፍሪሲዮኑን መልቀቅም ያጠፋዋል። ስለዚህ የናፍጣ ጣሳ ሰፊ ይሁን፣ ውጭ የሚታይ መለኪያ ይኑረው፣ ባዶ ማድረግ አይረሳ።

ደግሞስ ያስፈልጋችኋል ወይ? ቪትዝና አሮጌ ኮሮላ ላይ ቤንዚኑ የሚረጨው ከመግቢያ ቫልቩ በፊት ስለሆነ ቫልቩን ያጥበዋል፤ ጣሳው ብዙም አይጠቅማቸውም። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጩ ሞተሮችና፣ እንደ ሃይሉክስ ዲ-ፎር-ዲ፣ ኢጂአር (ከጭሱ የተወሰነውን መልሶ ወደ አየር መግቢያው የሚያስገባ) ባላቸው ናፍጣዎች ላይ ነው። ናፍጣዎቹ ላይ ጥላሸቱና የዘይቱ ጭጋግ ተጋግረው ማኒፎልዱን ያጠብቡታል። ጣሳው በአጭር ጊዜ በዘይት የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ኮምፕሬሽን አስለኩ፤ ያለቀ ፋሻ በጣሳ አይድንም። አብሽሩ፣ ቀድሞ ማወቁ ራሱ ጥቅም ነው።

ጣሳውን ከማርሚታው መስመር አርቃችሁ፣ ነፋስ በሚያገኝበት እሰሩት። ደሴ ጠዋት ብርድ ነው፤ ከፒያሳ ሸዋ በር እየተመላለሰ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ የሚጠፋ መኪና ጣሳው ውስጥ ከዘይት ይልቅ ወተት የመሰለ ውሃ ሊበዛ ይችላል። ያን አይታችሁ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ ብላችሁ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) አታስወርዱ፤ መጀመሪያ የራዲያተሩ ውሃ መቀነሱን እዩ። ደላንታና ጋሸና አካባቢ ውርጭ በሚጥልበት ወቅት ይህ ውሃ ቱቦው ውስጥ በረዶ ሆኖ ቢረጋ እንደገና መታፈን ነውና ማታ ማታ አፍስሱት። የወጣውን መልሳችሁ ሞተር ውስጥ አትጨምሩ፣ ውሃና ነዳጅ አለበት። ቦርከና ወንዝ ውስጥም አትድፉት፤ ጋራዥ ወስዳችሁ የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ጨምሩት።