ያለ ኤሴ፣ ያለ ኤስኤቲ፦ አሜሪካ ለገባ ሰው የኮሌጅ አፈላለግ

አክስቴ አምና ዲቪ ደርሷት ከልጇ ጋር ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ገባች። ልጅቷ ሻንጣዋን እንኳን ሳትፈታ «ኮሌጅ አስገባኝ፣ ብዙ ጣጣ የሌለበት ግን» አለችኝ። እኔም መጀመሪያ የራሴን ጉድ ነገርኳት።

እንደሷ አዲስ ሳለሁ እንጀራ የምገዛበት ሱቅ በር ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ማስታወቂያ አይቼ ደወልኩ። በማግስቱ ቢሮ ጠሩኝ። ቡና ቀዱልኝ፣ ፈገግ አሉልኝ፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ተማሪ ሆኜ ወጣሁ። ከፈረምኳቸው ወረቀቶች አንዱ የ9,000 ዶላር ሎን (ብድር) እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዘጠኝ ወር ተምሬ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ልዛወር (ትራንስፈር) ስሄድ ከተማርኩት አንድም ክሬዲት የሚቀበለኝ ጠፋ። ዕዳው ግን አልጠፋም።

ጥሩ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም (የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው) የመጣውን ሁሉ ይቀበላል፣ ገንዘባችሁን የሚፈልግ ትምህርት ቤትም የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ከበሩ ላይ ሆናችሁ አትለዩዋቸውም።

ፍለጋውን ቤታችሁ አጠገብ ካለው የመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሩ። እኛ አካባቢ ቨርጂኒያ ውስጥ ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) አለ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ሞንጎመሪ ኮሌጅ። ኤስኤቲ የሚሉት የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የለም፣ ኤሴ የሚሉት የማመልከቻ ድርሰት የለም፣ የድጋፍ ደብዳቤ የለም። የአክስቴ ልጅ ማትሪክ የተፈተነችው በ2015 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ መሆኑን ታስታውሳላችሁ፤ እሷም ከቀሩት ነች። ማመልከቻው ላይ ያንን ውጤት የጠየቃት የለም። ጥያቄው አልፎ አልፎ የሚመጣው ከፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) ቢሮ ነው፦ ሁለተኛ ደረጃ መጨረሳችሁን አሳዩ ይላል። ስለዚህ የትምህርት ማስረጃችሁን ከአገር ቤት ይዛችሁ ኑ፤ እዚህ ሆኖ ማስላክ አበሳ ነው።

ፎርሙ ቀላል ነው ስል ለአበሻ ሁለት ወጥመድ አለበት። አንዱ ስም ነው። ግሪን ካርዷ ላይ የአያቷ ስም ላስት ኔም ሆኖ ገብቷል፣ እሷ ግን ከልማድ የአባቷን ስም ሞላች። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ያለው ስም ፎርሙ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ የገንዘብ እርዳታው እዚያው ይንጠለጠላል። አንዴ ግሪን ካርዱ ላይ የወጣውን ስም ቢያስጠላችሁም ሁሉም ቦታ ሳትለውጡ ጻፉ።

ሁለተኛው ዓመተ ምሕረት ነው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረስሽበት ዓመት ሲላት 2015 ብላ ላከች። የልደት ቀኗ ደግሞ በፈረንጆቹ 2005 ነው። አድቫይዘሩ ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ስክሪኑን አየ። «በአሥር ዓመትሽ ነው የጨረስሽው?» አላት። ሳቅን፣ 2023 ብለን አስተካከልን።

አሁን ወደ ማጣራቱ። ኮሌጅ ናቪጌተር የሚባል የመንግሥት ድረ ገጽ አለ፣ ነፃ ነው። የኮሌጁን ስም ስትጽፉ ስንቱ እንደሚመረቅና ስንቱ ትራንስፈር እንደሚያደርግ ያወጣላችኋል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላይ ሁለቱን አብራችሁ እዩ። ሳይመረቅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገር ብዙ ስለሆነ የምረቃው ቁጥር ብቻውን ያስደነግጣል። አክሬዲቴሽኑንም፣ ማለትም የኮሌጁን የጥራት ዕውቅና፣ ተመልከቱ። ቨርጂኒያ ያለው በአብዛኛው ሳክስኮክ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ያለው ሚድል ስቴትስ የሚባለው አካል ያወቀው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ስልክ ነው። ወደ ኮሌጁ አይደለም። በኋላ ልትገቡበት ወደምትመኙት ዩኒቨርሲቲ ደውሉና «ከዚህ ትምህርት ቤት የመጣ ክሬዲት ትቀበላላችሁ?» በሉ። እኔ ያኔ ይህንን አምስት ደቂቃ ብደውል ኖሮ 9,000 ዶላሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ኖቫ ላይ መልሱ በወረቀት የተጻፈ ነው። ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር ከ2018 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ አድቫንስ የሚባል የትራንስፈር ፕሮግራም አላቸው። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲም (ዩቪኤ) ከቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ጋር ስምምነት አለው፤ 3.4 ጂፒኤና ሌሎቹን መስፈርቶች ያሟላ ተመራቂ ቦታው የተጠበቀ ነው።

ነርሲንግ ለምትፈልጉ፦ ኮሌጁ ተቀበላችሁ ማለት ነርሲንጉ ተቀበላችሁ ማለት አይደለም። ለፕሮግራሙ ለብቻው ማመልከት አለባችሁ፣ ፉክክር አለው። ስንቱ ተመራቂ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስ ፈቃድ ፈተና በመጀመሪያ ሙከራው እንዳለፈም ጠይቁ። ቁጥሩን ለመናገር የሚያቅማማ ትምህርት ቤት ካጋጠማችሁ ጫማችሁን አጥልቁ።

ገንዘቡ ላይ ነገሩ ረዘም ይላል። ቨርጂኒያ ውስጥ እንደ ነዋሪ ለመክፈል አንድ ዓመት መኖር አለባችሁ። ከዚያ በፊት የምትከፍሉት ከእጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ የቤት ውል፣ መንጃ ፈቃድ፣ ታክስ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አስቀምጡ። የአክስቴ ልጅ ያንን ዓመት በትርፍ ሰዓቷ እንግሊዝኛዋን ስታሻሽል አሳለፈችው። ካውንቲው ለአዋቂዎች የሚሰጠው ትምህርት ርካሽ ነው፣ የፕሌስመንት (የደረጃ መለያ) ፈተናው ላይም ከፍ ብላ ገባች።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የተማሪ እርዳታ ፎርም ሞልቶ ፔል ግራንት ሊያገኝ ይችላል። የማይመለስ ገንዘብ ነው። መሙላቱ ነፃ ስለሆነ «ሞልቼ ልስጥህ» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁን እለፉት። ግን ከ24 ዓመት በታች ከሆናችሁና ካላገባችሁ ወላጆቻችሁ ኢትዮጵያ ቢሆኑም ገቢያቸው ይጠየቃል፣ ብሩ ወደ ዶላር ተመትቶ። የእሷ አባት ደሴ ነው፣ ጡረታውን እየጠበቀ። በቫይበር ደውለን ጋሼን ደሞዙን ጠየቅነው። «ለአሜሪካ መንግሥት ደሞዜን የምናገረው ምን በደለኝና ነው?» አለ። ሁለት ሳምንት ለመንነው። በመጨረሻ የደሞዝ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ላከ፣ ቁጥሩን ግማሹን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ።