የእንግዳ መመዝገቢያ ሶፍትዌር በር ላይ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የእንግዳ መመዝገቢያ ሶፍትዌር የሚገዛው አንድ ጥያቄ እንዲመልስ ነው፦ በዚህች ደቂቃ ሕንፃው ውስጥ ያለው የውጭ ሰው ማን ነው? የሚያምረው ባጅም ሆነ የወሩ ሪፖርት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ከታች ያሉት ችግሮች የተደረደሩት ይህን መልስ በሚያበላሹበት መጠን ነው። በሐሳባችን ያለው ብዙ ድርጅቶች የሚጋሩት፣ ዋና በርና ምድር ቤት የመኪና ማቆሚያ ያለው የአዲስ አበባ የቢሮ ሕንፃ ነው።

ሕንፃው ባዶ ነው፤ ዝርዝሩ ግን «ውስጥ ናቸው» ይላል

ምልክት፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቢሮዎቹ ሁሉ ተዘግተው ስክሪኑ 30 ወይም 40 እንግዳ ውስጥ እንዳለ ያሳያል።

መንስኤ፦ ሰው ሲገባ ይመዘገባል፤ ሲወጣ ግን የሚያስቆመው የለም። ጥበቃው መታወቂያ ተቀብሎ ባጅ ይሰጣል፤ እንግዳው ሲመለስ ባጁን ተቀብሎ መታወቂያውን ይመልስለታል። ለሁለቱም ጉዳዩ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ለሲስተሙ ግን ማንም አልነገረውም። በመኪና የመጣው ደግሞ በምድር ቤት በኩል ይወጣል፤ እዚያ ታብሌትም ስካነርም የለም።

መፍትሄ፦ መውጫውን ከመታወቂያው ጋር ያስሩት። ባጁ ሳይነበብ መታወቂያ አይመለስም፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ለዚህ በየቀኑ ከሚታተም ስቲከር ይልቅ ቁጥርና ባርኮድ ያለው የፕላስቲክ ባጅ ይሻላል፣ ስቲከር ተመልሶ አይመጣምና። 60 ባጅ ካለዎት ከ1 እስከ 60 ቁጥር የተጻፈባቸው 60 መንጠቆዎች ያሉት ሰሌዳ ከጥበቃው ጀርባ ይስቀሉ። ባዶ መንጠቆ ማለት ውስጥ ያለ ሰው ማለት ነው። ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይና በተረኛ ቅያሪ ጊዜ ባዶዎቹ ተቆጥረው ከስክሪኑ ቁጥር ጋር ይመሳከሩ። ሰሌዳው 7 ሲል ስክሪኑ 9 ካለ የትኞቹ ሁለት ቁጥሮች እንደተለያዩ ወዲያው ይታያል፤ እንግዳው ሊያገኘው ለመጣው ሠራተኛ ተደውሎ ይጣራል። ምድር ቤት መውጫው ላይም ሁለተኛ ስካነር ያስፈልጋል፤ ካሜራው የሚሠራ አሮጌ ስልክ ይበቃል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ «በመዝጊያ ሰዓት ሁሉንም አስወጣ» የሚለውን ማስተካከያ ያበሩና ዝርዝሩ ጸዳ ይላሉ። ዝርዝሩ ጸዳ እንጂ እውነት አልሆነም። እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጭስ ውስጥ የሚላከው በዚህ ዝርዝር ነው። ቤቱ ገብቶ የተኛ ሰው «ውስጥ» ከተባለ ሠራተኛው በከንቱ ይገባል፤ መጸዳጃ ቤት የቀረ ሰው «ወጥቷል» ከተባለ ደግሞ ማንም አይፈልገውም። ማስተካከያውን የግድ ከተጠቀሙ ሪፖርቱ ላይ «በበር የወጣ» እና «ሲስተሙ የዘጋው» ተለያይተው ይታዩ። ሁለተኛው ረድፍ በቀን ከሁለት ሦስት ሰው ካለፈ በሩ ላይ ያለው አሠራር ገና አልተስተካከለም።

የተከለከለው ሰው በቀላሉ ገባ

ምልክት፦ እንዳይገባ የተመዘገበ ሰው ስሙን ሰጥቶ፣ ባጅ ተቀብሎ ገብቶ ወጥቷል። ማስጠንቀቂያው አልጮኸም። ወይም አንድ ሰው አራት የተለያየ መዝገብ አለው።

መንስኤ፦ ፊደላችን ነው። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን አራት የተለያዩ ስሞች። ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። ገብረ መድኅን አንዴ በክፍተት፣ አንዴ ተገጥሞ፣ አንዴ «ገ/መድኅን» ተብሎ ይጻፋል። ላቲን ፊደል ሲገባበት ደግሞ ይብሳል፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ የየራሱ አጻጻፍ አለው። በዚያ ላይ ከውጭ የመጣው ሶፍትዌር «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ጥበቃ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ይሞላበታል።

መፍትሄ፦ ሦስት ሳጥን ይክፈቱ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሁሉም በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ወይ በአማርኛ ወይ በላቲን፣ ይሞላ፤ ምኅጻረ ቃል ይከልከል። ሶፍትዌሩን የሠራላችሁ ባለሙያ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የተደበቀ ዓምድ ይጨምር፤ በዚያ ዓምድ ሐ፣ ኀ እና ኸ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነሰባት ድምፃቸው ይለወጡ። ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ መጠቅለላቸው እንዳይረሳ፤ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ይሄ ነው። ክፍተትና ነጥብም ይውጡ። እንግዳው ባጁ ላይ የሚያየው ስም ግን ራሱ እንደሚጽፈው ይቆይ፤ የሰውን ስም ማበላሸት ነውር ነው።

ከስም ይልቅ የሚታመነው ስልክ ቁጥር ነው፤ እሱም በአንድ መልክ ከተቀመጠ ብቻ። በ09 ወይም በ07 የሚጀምረውን፣ በ251 የሚጀምረውንና የመደመር ምልክት ያለበትን ሁሉ መጨረሻ ባሉት 9 አሃዞች ያመሳክሩ። በመጀመሪያው ምዝገባ አጭር የማረጋገጫ መልእክት ይላክ፤ አለዚያ ሰው የፈለገውን ቁጥር ይሰጣል። ማስጠንቀቂያው ሲመጣም እንግዳው በሚያየው ስክሪን ላይ መውጣት የለበትም። ለጥበቃ ኃላፊው ስልክ በዝምታ ይድረስ፤ በሩ ላይ ብቻውን የቆመውን ጠባቂ ለጠብ አያጋልጡት።

ቀጠሮው «ጊዜው አልፏል» ወይም «ጊዜው አልደረሰም» ይላል

እንግዳው ጠዋት 3 ሰዓት ተብሎ ጠዋት 3 ሰዓት ደርሷል፤ የያዘው ኪውአር ኮድ ግን አይሠራም። በትክክለኛው ሰዓትና ሲስተሙ በሚያሳየው መካከል ያለውን ልዩነት ይቁጠሩ፣ መንስኤውን ራሱ ይነግርዎታል። የመግቢያ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደኋላ ከቀረ ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ላይ ነው ያለው፤ የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ ያድርጉት። ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ ስህተቱ የሰው ነው፤ ጋባዡ በእኛ አቆጣጠር 3:00 ብሎ ጽፏል፣ ሶፍትዌሩ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ወስዶታል። ጋባዡ ሰዓት ሲመርጥ ከሥሩ «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ በፊደል ይታይ፤ ለእንግዳው የሚላከው መልእክትም እንዲሁ ይጻፍ። ኮዱ ከቀጠሮው 30 ደቂቃ ቀድሞ ተከፍቶ 1 ሰዓት ዘግይቶ ቢዘጋ ለከተማው የመኪና መጨናነቅ ይበቃል።

ቀኑን በተመለከተ፣ ውስጥ በጎርጎርዮሳዊው ተቀምጦ ስክሪኑ ላይ በኢትዮጵያ ቢታይ ጥሩ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን የጳጉሜን ቀጠሮ አስገብተው ይሞክሩት፤ 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ሶፍትዌር እዚያ ይወድቃል።

ጠዋት ሰልፉ ሲረዝም ጥበቃው ወደ ደብተር ይመለሳል

የጥበቃው ስንፍና አይደለም። አሥር ጥያቄ የሚጠይቅ ቅጽ በሩ ላይ አይሠራም። ስም፣ ስልክ፣ የሚጠየቀው ሰውና ምክንያት ይበቃሉ፤ ፎቶ ካስፈለገ ታብሌቱ ራሱ ያንሳ። በሰዓት ለክተው ይሞክሩት፤ አንድ አዲስ እንግዳ ከ1 ደቂቃ በላይ ከወሰደ ከሚጠየቀው ይቀንሱ። የላፕቶፕ ሞዴልና መለያ ቁጥር ምዝገባ ፍተሻው ጋ ይሂድ።

መብራት ሲጠፋ ከሆነ ችግሩ የሚታየው፣ አብዛኛውን ጊዜ ታብሌቱ በባትሪ በርቶ ራውተሩ ነው የሚሞተው። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) ላይ መሰካት ያለባቸው ራውተሩና የኔትወርክ ገመዶቹን የሚያገናኘው ስዊች ናቸው። ለቀሪው ጊዜ ተከታታይ ቁጥር የታተመባቸው 20 የወረቀት ቅጾች መሳቢያ ውስጥ ይኑሩ፤ መብራት ሲመጣ ትክክለኛው የመግቢያ ሰዓት ተጽፎ ይገባል። ቁጥሩ የዘለለ ቅጽ ካለ ያልተመዘገበ ሰው አለ ማለት ነው።

የስቲከር ባጅ የምትጠቀሙ ከሆነ

ከስም ይልቅ ባዶ አራት ማዕዘን ከታተመ ሲስተሙ የአማርኛ ፊደል አልተጫነለትም፤ ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይጫንና የባጁ ንድፍ ላይ ይመረጥ። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ከወጣ ጥቅሉ ተገልብጦ ገብቷል፤ በጥፍር ሲጫሩት የሚጠቁረው ፊት ወደ ማተሚያው ጭንቅላት ይዙር። አንድ ታትሞ አንድ ባዶ እየዘለለ ከወጣ የስቲከሩ መጠን በማስተካከያው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም።

«ማን መዘገበው?» ሲባል መልስ የለም

ሁሉም ተረኛ በአንድ የይለፍ ቃል ነው የሚገባው፤ ቃሉም ታብሌቱ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። ለእያንዳንዱ ጠባቂ የራሱ ባለ 4 አሃዝ ኮድ ይሰጠው፣ ስክሪኑ ከ2 ደቂቃ በኋላ ይቆለፍ፣ ሥራ የለቀቀው በዚያው ቀን ይዘጋ። ጠባቂ የዛሬውን ዝርዝር ብቻ ይይ፤ ያለፈው ወር የማንም ጎብኚ ስልክ ቁጥር ለእሱ አይጠቅመውም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የእንግዳ መዝገብም የግል መረጃ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ የመታወቂያ ፎቶ ለተራ ጉብኝት አይነሳ፤ መዝገቡ ለስንት ቀን እንደሚቆይ በጽሑፍ ይወሰን፣ ያ ቀን ሲያልፍም ሲስተሙ ራሱ ይሰርዘው፤ ከመጠባበቂያ ቅጂውም ጭምር።