በጡት የወተት ቱቦ ውስጥ ያለ ዕጢ በሌዘር ከመታከሙ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ዝምታ ነው። በውስጥ ልብሷ ላይ ከጡቷ ጫፍ የወጣ የደም ነጠብጣብ ያየች ሴት አፍራ ለእህቷ እንኳ ሳትናገር ወራት ልታሳልፍ ትችላለች። ሳይጨመቅ በራሱ የሚወጣ፣ ከአንድ ጡት፣ በተለይም ከአንዲት ቀዳዳ ብቻ የሚመጣ፣ ደም የቀላቀለ ወይም እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ጠበል የምትጠመቅም ብትሆን ጠበሏን ሳትተው መመርመር ትችላለች፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ከሁለቱም ጡቶች ሲጨመቁ የሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ በአብዛኛው ከሆርሞን ወይም ከሚወሰድ መድኃኒት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሌዘር አይመለከተውም።

«ቆመ ወይስ አልቆመም» እያሉ ጡትን በየቀኑ መጭመቅም ፈሳሹ እንዳይቋረጥ ያደርጋል።

ደም ሁሉ ነቀርሳ ነው ብሎ መደምደም ሌላው ስህተት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ደም በብዛት ምክንያት የሚሆነው ፓፒሎማ የሚባል፣ በወተት ቱቦ ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ ዕጢ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከ35 እስከ 55 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ የሚታይና ነቀርሳ ያልሆነ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን የዕጢው ምንነት ሳይረጋገጥ በሌዘር ማቃጠል ነው። በሕክምናው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው መመልከቻ በጡት ጫፍ ቀዳዳ ይገባና በውስጡ የሚያልፈው የሌዘር ክር ዕጢውን በሙቀት ያጠፋዋል። የተቃጠለ ሥጋ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ተመርምሮ ምን እንደነበረ ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ናሙና አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ የተወሰደበት መርፌ ዓይነትም ዋጋ አለው። ቀጭኑ መርፌ የተበታተኑ ሕዋሳትን ብቻ ስለሚያወጣ ፓፒሎማን ከነቀርሳ በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት ይቸግረዋል፤ ወፍራሙ መርፌ ግን ሥጋውን ከነአደረጃጀቱ ያወጣል። ከደባርቅ ወይም ከዳባት «ነቀርሳ አይደለም» የሚል ወረቀት ይዛ ጎንደር የገባች ሴት ናሙናዋ በየትኛው መርፌ እንደተወሰደ ብትጠይቅ፣ በእኔ እምነት፣ ስለ ሌዘሩ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቃለች። ውጤቱ ያልተለመዱ ሕዋሳት መኖራቸውን ካሳየ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሊመረመር ይገባል።

ሌዘር አዲስ ስለሆነ ብቻ ይበልጣል ማለትም አይቻልም። በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጥቁር ክብ ጠርዝ በምትደረግ ትንሽ ቀዳዳ የታመመውን ቱቦ ብቻ ማውጣት የተለመደ ቀዶ ሕክምና ነው፤ የወጣው ሥጋም ሙሉ በሙሉ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት የፓቶሎጂ ክፍል ይላካል። ሌዘር ፍለጋ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ለመሄድ መሬት ወይም ከብት ከመሸጥ በፊት ይህንን ከቀዶ ሐኪም ጋር መነጋገር ይበጃል።

ፈሳሹ ሲቆም ቀጠሮን መተውም አይገባም፤ ዕጢው ተመልሶ ወይም በሌላ ቱቦ ሊበቅል ይችላልና። ለክትትል ሲመጡ የቀድሞውን የአልትራሳውንድ ምስልና የናሙናውን ውጤት ይዞ መምጣት ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ አዲሱን የሚያነጻጽረው ከእነዚህ ጋር ነው።