የፒካፕህ የፍሬን ዲስክ ተቀይሮም መንቀጥቀጡ ከተመለሰ
ፍሬን ስትይዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ዲስክ ነው፣ ወንበሩ ከሆነ የሚርገበገበው የኋላውንም አስፈትሽ። ዲስክ ተቀይሮልህ ትንሽ ነድተኸው ከተመለሰ ግን ዲስኩ ላይ ብቻ አትፍረድ፣ ሃቡ (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት ክፍል) ላይ ያለው ዝገት ሳይጸዳ አዲስ ዲስክ ከተገጠመ ወይ የጎማው ቡሎን እኩል ካልታሰረ ዲስኩ በጥቂቱ እየዋለለ ይዞራል፣ ከዛ ቀስ በቀስ ውፍረቱ ይበላለጣል መንቀጥቀጡም ይመጣል። ፍሬኑን ስትለቅ የማይለቅ ካሊፐርም (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ዲስኩን ያግለዋል።

ስለዚህ ጋራዥ ስትሄድ "ቀይሩልኝ" ብቻ አትበል፣ ዲስኩ እንደተገጠመ መዋለሉ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መዋለልን በሚያሳይ መለኪያ) ይለካልኝ በል፣ ብዙ መኪና ላይ ከ0.05 ሚሊሜትር ገደማ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ቶርኖ እናስመታው (ፊቱን በማሽን ልጠን እናስተካክለው) ካሉህ ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ውፍረት እይ፣ ከዛ በታች መሳሳት የለበትም።

ትልቁ ነገር ግን ወረቀት ነው!! "ዲስክና ሸራ አላቂ እቃ ነው፣ ዋስትና አይሸፍነውም" ሊሉህ ይችላሉ፣ ያለጊዜው መበላሸት ግን ከማለቅ ይለያል እኮ። በሄድክ ቁጥር ቅሬታህ፣ ኪሎሜትሩና የተሰራው ስራ ጆብ ካርድ (የጋራዡ የስራ ወረቀት) ላይ ይስፈር፣ ኮፒውን ያዝ፣ መካኒኩንም አስነድተህ ንዝረቱን አሳየው። እምቢ ካሉ ወረቀቶቹን አያይዘህ ዋስትናው ሳያልቅ ለአምራቹ በጽሑፍ አመልክት።