«ቲካፕ ነው» ካሏችሁ ሜትርና ሚዛን አውጡ

አምና ሐምሌ ላይ እህቴ ከቴሌግራም ማልቲዝ ሚባል የትንንሽ ውሻ ዘር ቡችላ ገዛች፣ ሻጩ «ሦስት ወር ሞልቶታል፣ ቲካፕ ነው፣ ከዚ በላይ አያድግም» ብሏታል፣ ቲካፕ ሚሉት የሻይ ስኒ ሚያክል ውሻ ለማለት ነው፣ እሷም እውነት መስሏት በካርቶን አድርጋ ደሴ ይዛው ገባች። በሁለተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል ደወለችልኝ። የደሴን የክረምት ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ቡችላው ይንቀጠቀጣል፣ አንገቱ ይወድቅበታል፣ አይኑ ፈዟል። ማር አለሽ? አልኳት፣ አለ፣ በጣትሽ ድዱን ቀቢው፣ ጋቢ ውስጥ ጠቅልይውና ወደ ሐኪም ሩጪ አልኳት። ተመስገን ተረፈ፣ ስኳሩ ወርዶ ነው አሉን። ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ሲያሳየን ግን የኋላ ጥርሶቹ ገና ድዱን እየቀደዱ ነው፣ ምን ሦስት ወር፣ አምስት ሳምንት ቢሆነው ነው። ያ ትንሽነት የዘር አልነበረም፣ ከናቱ ጡት ያለ ጊዜው የተነጠለ ሕፃን ስለሆነ ነው። ይሄን ምጽፈው ሌላ ሰው እንደዛ አይነት ሌሊት እንዳያድር ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። ቲካፕ፣ ማይክሮ ምናምን ሚባል መጠን የውሻ ዘር ሚመዘግቡት ክለቦች፣ የአሜሪካው ኬኔል ክለብም፣ የእንግሊዙም፣ ቤልጂየም ያለው ዓለም አቀፉ ማኅበር ኤፍሲአይም ስታንዳርድ ውስጥ የለም፣ የሻጭ ቃል ነው በቃ። ስታንዳርድ ማለት ክለቡ «ይሄ ዘር ሲያድግ ይሄን ይመስላል፣ ይሄን ያህላል» ብሎ የጻፈው ነው፣ እና ቁጥሩ ሚወራው ስላደገ ውሻ ነው እንጂ ስለ ቡችላ አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚ ጋ ነው ሚሳሳተው።

ሁለተኛ ነገር ሁሉም ዘር በአንድ አይነት አይለካም። ቺዋዋ በኪሎ ነው፣ አሜሪካኖቹ ከ6 ፓውንድ አይበልጥ ይላሉ፣ 2.7 ኪሎ ገደማ ማለት ነው፣ ኤፍሲአይ ደሞ ከ1.5 እስከ 3 ኪሎ ያለውን ይመርጣል፣ ከ1 ኪሎ በታች የሆነውን ከውድድር ያስወጣዋል። ልብ በሉ፣ ስታንዳርዱ ራሱ በጣም ያነሰውን አይቀበልም፣ እኛ ግን ባነሰ ቁጥር ብዙ ብር እንከፍላለን። ዮርክሻየር እስከ 3.2 ኪሎ ነው። ዳሽሁንድን አሜሪካኖቹ በኪሎ ሲመድቡት ኤፍሲአይ የደረቱን ዙሪያ በሜትር ይለካል፣ ድሮ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አውሬ ሚያድን ስለሆነ መግባት አለመግባቱን ሚወስነው ደረቱ ነዋ።

ፑድል ላይ ነው ነገሩ ሚወሳሰበው። በቁመት ነው ሚመደበው፣ አሜሪካ ቶይ ሚባለው እስከ 10 ኢንች ነው፣ 25 ሳንቲም ከምናምን፣ ከዛ እስከ 15 ኢንች ማለትም 38 ሳንቲም ሚኒየቸር፣ ከዛ በላይ ስታንዳርድ። ኤፍሲአይ ጋ ደሞ ቶይ ከ24 እስከ 28፣ ሚኒየቸር እስከ 35፣ ሚዲየም እስከ 45፣ ከዛ በላይ ስታንዳርድ። ስለዚ 27 ሳንቲም የሆነ አንድ ፑድል አሜሪካ ሚኒየቸር፣ ኤፍሲአይ ጋ ቶይ ይባላል፣ ውሻው ግን ያው ነው። ደሞ «ስታንዳርድ ፑድል» ሲባል መደበኛ ወይ መካከለኛ እንዳይመስላችሁ፣ ትልቁ እሱ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሊያሳድግ ብሎ ሚገዛ ሰው ይሄን ሳያውቅ ይቸገራል። ስም አትጠይቁ፣ ሳንቲምና ኪሎ ጠይቁ።

አለካኩ ቀላል ነው። ቁመት ከጭንቅላት አይለካም፣ በሬ ቢሆን ሻኛው ሚቆምበት ቦታ አለ አይደል፣ የሁለቱ ትከሻ አጥንት ጫፍ፣ እሱ ጋ ነው። ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሲሚንቶ ላይ ግድግዳ አስጠግታችሁ አቁሙት፣ ፀጉሩን በእጃችሁ ጫን አድርጉና ደብተር ትከሻው ላይ ጋደም አርጋችሁ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት፣ ከዛ ከወለሉ እስከ ምልክቱ በልብስ ሰፊ ሜትር። ለኪሎ ሰው ሚመዘንበት ሚዛን ለነዚ ትንንሾች አይታመንም፣ የሱቅ ሚዛን ይሻላል፣ ሳፋ ውስጥ አስቀምጣችሁ መዝኑና የሳፋውን ቀንሱ።

ቡችላ ከሆነ ግን ዋናው እድሜው ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ፍየል ሲገዛ ጥርሷን ሳያይ ብር ሚያወጣ ወሎዬ አለ? ለውሻም ያው ነው። የወተት ጥርስ በሦስተኛ ሳምንት አካባቢ መውጣት ይጀምርና ሁለት ወር ገደማ ላይ 28 ሆኖ ይሞላል፣ በጣም ትንንሾቹ ላይ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። አራት ወር አካባቢ የፊቶቹ መቀየር ይጀምራሉ፣ ሰባት ወር ላይ 42 ቋሚ ጥርስ ይኖረዋል። «አምስት ወሩ ነው» ተብላችሁ እንደ መርፌ የሾሉ ደቃቅ የወተት ጥርሶች ብቻ ካያችሁ አትግዙ። ከስምንት ሳምንት በታች የሆነ ከናቱ መለየት የለበትም። እናቱን አሳዩኝ በሉ፣ አባቱም ካለ፣ ሲያድግ ምን እንደሚያህል ከነሱ የተሻለ ሚነግራችሁ የለም፣ «አያድግም» ሚለውን ቃል ማንም ሊገባላችሁ አይችልም፣ ትንንሽ ዘሮች እስከ ዘጠኝ ወር አንዳንዴም እስከ አመት ያድጋሉ።

እውነት በጣም ትንሽ ከሆነም ኃላፊነቱ ከባድ ነው። ምግብ ካለፈው ስኳሩ ይወርዳል፣ በቀን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መመገብ አለበት። ከሶፋ ዘሎ እግሩ ሊሰበር ይችላል፣ የጉልበቱ ሎሚ ይወልቃል፣ የአንዳንዱ አናት እንደ ሕፃን እርግብግቢት ሳይገጥም ይቀራል፣ ልጆች ባሉበት ቤት ይሄ ያስፈራኛል። አንገቱን በገመድ አትጎትቱት፣ የመተንፈሻ ቧንቧው ስስ ነው፣ ደረቱ ላይ ሚታሰረውን ግዙለት። የእብድ ውሻ ክትባቱንም ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቡት፣ ትንሽ ነው ከቤት አይወጣም አይባልም።

የእህቴ ውሻ አሁን አመት አለፈው። ባለፈው ቅዳሜ ሰፈር ሱቅ ወስደን ሳፋ ውስጥ አስቀመጥነው፣ 3 ኪሎ ከ700 ግራም፣ ቁመቱ 24 ሳንቲም። ኤፍሲአይ ለወንድ ማልቲዝ ከ21 እስከ 25 ሳንቲም፣ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ነው ሚለው። «ቲካፕ» የተባለው ልጅ ትክክለኛ ማልቲዝ ሆኖ አርፏል፣ ጥርሱም 42 ሞልቷል፣ ቆጥሬዋለሁ።